አመት በአልፋው አ

ከዚህ በፊት ጽፌ አላውቅም። ደብተሬን ስምንተኛ ክፍል ላይ ዘግቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ እጄ የጻፈው ቢኖር ወፍጮ ቤት ተራ ስይዝ ማዳበሪያው ላይ የማኖረው የአባቴ ስም ነው። ሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝም። ድሮ ክፍል ውስጥ መምህሩ “ተነሥተሽ አንብቢ” ሲሉኝ የማውቀው ፊደል ሁሉ ይጠፋኝና ዴስኩን ይዤ እቆም ነበር። ይህንንም የምጽፈው አፌ እንቢ ስላለኝ ነው። ስም አልጠራም፤ የሰዎቹንም፣ የዩኒቨርሲቲውንም። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ሞጣ ላይ ግቢ አለው። ከዚህ በላይ አያስፈልግም።

ቤታችን ቢቸና ነው። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ቅኔ ያስተምራሉ። ልጆቻቸው እኔና ታላቅ እህቴ ነን። እናታችን የታመመች ጊዜ አንዳችን ቤት መዋል ነበረብን። “አንቺ ቅሪ” ያለኝ ሰው የለም፤ ግን ዝም ያልሁት እኔ ስለሆንሁ ነገሩ እኔ ላይ አረፈ። እናታችን ካረፈችም በኋላ እንደዚያው ሆኖ ቀረ። እህቴ ተምራ ዲግሪዋን ይዛ መጣች። ነጥቧ ሦስት ነጥብ አራት አንድ ነው፤ ቤታችን ውስጥ እንደ ዳዊት የተደገመ ቁጥር ስለሆነ አልረሳውም።

ከዚያ ሁለት ዓመት ሥራ ፈለገች። ጠዋት ማዘጋጃ ቤቱ አጠገብ ያለውን የማስታወቂያ ሰሌዳ ታነባለች፤ ከሰዓት በኋላ ስልኳን ታነባለች። አባታችን ራት ላይ “ዛሬስ?” ይላሉ። “ልምድ ይጠይቃል አባየ” ትላለች። ኋላ ኋላ እሳቸውም መጠየቁን ተዉት። እህቴ ከቤት መውጣት ጠላች። ጎረቤት “አሁንም ቤት ነሽ?” እንዳይላት ወደ ሱቅ እንኳ የምላክ እኔ ነበርሁ። አንድ ቀን ዲግሪዋን ከሣጥን አውጥታ ስታየው አገኘኋትና፣ “ማስተማር ካልቻልሁ እኔ ምንም አይደለሁም” አለችኝ። የምሯን ነበር። እኔም የዚያን ቀን፣ ለዚች ልጅ ሥራ የሚያስገኝ ነገር ከእኔ ቢፈለግ አደርገዋለሁ ብዬ በልቤ ያዝሁ። ማንም አላስማለኝም።

ማስታወቂያው የወጣው በመስከረም ነው። እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ሦስታችንም ሰሌዳው ሥር ቆምን። ዩኒቨርሲቲው ለሞጣው ግቢ መምህራንና የአስተዳደር ሠራተኞች ይፈልጋል። ከላይ የተጻፈው ረዳት ምሩቅ ነው፤ የዩኒቨርሲቲ መምህርነት የሚጀመርበት ዝቅተኛው ደረጃ ነው ብላ እህቴ ነገረችኝ። ከሥሩ ጸሐፊ፣ ንብረት ክፍል፣ ተላላኪ እያለ ይወርድና መጨረሻው ላይ “ጽዳት፣ ስምንተኛ ክፍል ያጠናቀቀች” ይላል። ያችን መሥመር ሁለቴ አነበብኋት። እህቴ ጣቷን ከላይኛው ላይ አድርጋ ነበር።

“የሥራ ልምድ፣ ዜሮ አመት ይላል። አባየ፣ ልምድ አይጠይቅም” አለች።

አባታችን መነጽራቸውን አድርገው ቀረብ አሉ። “ይህን የጻፈው ማነው?”

“ዩኒቨርሲቲው ነዋ።”

“አመት ብሎ በአልፋው አ ጻፈው እኮ። በአልፋው አ ሲሆን በግእዝ ገረድ ማለት ነው። ዘመን የሚቆጥረው በዓይኑ ዐ የሚጻፈው ነው።” ይህን እያሉ ከኪሳቸው እስክሪብቶ አውጥተው እዚያው ሰሌዳው ላይ ፊደሏን ማረም ጀመሩ።

“አባየ፣ ሰው እያየን ነው” አለች እህቴ።

አጠገባችን ቆሞ የሚያነብ አንድ ጎረቤታችን ሳቀ። “መሪጌታ፣ ዩኒቨርሲቲውንም ሊያርሙት ነው?”

“ማን ያርመው ታዲያ? ‘ዜሮ ገረድ ያላት’ ብሎ ነው የጻፈው። በይ ልጄ፣ ደስ ይበልሽ፤ ይህንንስ ታሟያለሽ፣ ገረድ የለሽም።”

ሰሌዳው ሥር የነበረው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ለማመልከቻው ጉርድ ፎቶ ያስፈልጋል። እኛ ሰፈር ያለው ፎቶ ቤት አንድ ጥቁር ኮት አለው፤ ሥራ የሚጠይቅ ሁሉ ያንኑ ኮት ለብሶ ይነሣል። ሁለተኛው ቁልፍ ጠፍቶ በቡናማ ቁልፍ ተተክቷል። ትከሻው ስለ ሰፋት ባለ ፎቶ ቤቱ ከጀርባዋ በልብስ መቆንጠጫ ሰብስቦ ያዘላትና፣ “እንዳትስቂ፣ መምህር አይስቅም” አላት። ፎቶው ሲወጣ አባታችን አይተው፣ “ይህችስ ገና ሳትቀጠር ተማሪ የጣለች ትመስላለች” አሉ።

ለምዝገባው አብሬያት ሄድሁ። በሚኒባስ በደብረ ወርቅ አድርገን ሞጣ ገባን፤ ፋይሏ እንዳይታጠፍ ጭኔ ላይ ይዤው ነበር። ሰልፉ ከመመዝገቢያው መስኮት ተነሥቶ እስከ ግቢው በር ይደርሳል። ተራችን ሲደርስ መዝጋቢዋ ወረቀቱን ተቀብላ ቁጥር ሰጠቻትና “ጠብቂ፣ ይለጠፋል” አለቻት። ልንወጣ ስንል የሰው ሀብት ኃላፊው ከቢሮው ብቅ አለ። ከንፈሩን ደጋግሞ የሚልስ፣ ከረባት ያሰረ ሰው ነው። የሚያየው እኔን ነበር፤ የሚጠይቀው ግን እህቴን።

“ይቺም ተመዝጋቢ ናት?”

“አይ፣ እህቴ ናት። ስምንተኛ ነው የጨረሰችው።”

“ምነው ዝም አለች?”

“ዓይነ አፋር ናት።”

“ጥሩ ነው። የዛሬ ልጅ አፉ አያድርስ። ቤት ትይዛለች?”

“የኛን ቤት የያዘችው እሷ አይደለች” አለች እህቴ። ፈገግ ብላ ነበር። ገበያ ላይ የላም ጥርስ ሲታይ ባለቤቷ እንደዚያ ፈገግ ይላል።

ሰውየው ስልክ ቁጥሯን ተቀብሎ ገባ። በሳምንቱ ደወለ። እህቴ እኛም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው። ባለቤቱ ወልዳለች፤ የታመነ ሰው አጥተዋል፤ እህትሽ አንድ ዓመት ብትቆይልን፣ አለ። የፈተና ኮሚቴው ውስጥ እሱም አለበት፤ ለእኔም የጽዳት መደቡ ላይ ይታሰብልኛል፣ አለ። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ተናገረው እንጂ አላያያዘውም። ማያያዙን ለእኛ ተወው።

ስልኩ ተዘጋ። ከዚያ አባታችን ሳቅ እያሉ፣ “ሰውየው ‘አንድ አመት’ ሲል በየትኛው አ ነው? በስልክ አይለይም እኮ። ለካ ያን ጊዜ ያረምሁት ያለ ቦታው ነው” አሉ።

ጥሩ ቅኔ ነበር። ተማሪዎቻቸው ቢሰሙት ያደንቁት ነበር። እህቴም ሳቀች። እኔ ግን የመጀመሪያው ሳቅ አሁን ነው የጎመዘዘኝ። ከሳቁ በኋላ ነው “ትሄጃለሽ?” ብለው የጠየቁኝ። ራሴን በእሺታ ነቀነቅሁ።

የሰውየው ቤት ከገበያው ጀርባ ነው። እሱን “ጋሼ”፣ ሚስቱን “እትዬ” እላለሁ። እነሱ ስሜን አልጠየቁኝም። ሴትዮዋ የምትጠራኝ “ማነሽ” እያለች ነው፤ ሰውየውም ከእሷ ሰምቶ “ማነሽ” ይለኛል። ሥራው አልከበደኝም፤ ሥራ አውቃለሁ። ሕፃኑንም ወደድሁት። የከበደኝ የሰውየው ነገር ነው። ጥፍሩን የሚቆርጠው ማዕድ ላይ ተቀምጦ ነው፤ ቁራጩን ከእንጀራው ፍርፋሪ ጋር አብሬ እጠርጋለሁ። አፉን ተጉመጥሙጦ የሚተፋው ሕፃኑን በማጥብበት ሳፋ ነው። ስልክ ሲያናግር ደግሞ ድምፁ እንደ ካህን ይለሰልሳል፤ “እናየዋለን፣ እግዜር ያውቃል፣ በነጥብ ነው እኮ” ይላል።

ኩሽናው ጥግ አፉ ያልታሰረ ማዳበሪያ አለ፤ ሰውየው ከቢሮ ያመጣው ወረቀት ሞልቶታል። በመጀመሪያው ቀን ሴትዮዋ “ከሰሉን በዚያ አያይዥ፣ ላምባ አታባክኝ” አለችኝ። አንዱን ሳወጣ ማመልከቻ ነው። “ጉዳዩ፦ ሥራ እንድቀጠር ስለመጠየቅ” ይላል። ሌላውም ያው ነው። ሁሉም መጨረሻው ላይ ገና ላልተደረገላቸው ትብብር በቅድሚያ ያመሰግናሉ። አንዳንዱ በእጅ የተጻፈ ነው፤ መሥመሩ እንዳይጣመም ከሥር በእርሳስ አሥምረው ኋላ በላጲስ ያጠፉት አለ። የሚያያዘው ከሰል የሚያሞቀው የሕፃኑን ውሃ ነው፣ የሰውየውን ወጥ ነው። ወረቀቱን እየቀደድሁ አነድዳለሁ፤ ፎቶ ማንደድ ግን እጄ እንቢ አለኝ። ፎቶ ፎቶውን እየነቀልሁ በባዶ የወተት ጣሳ አጠራቅም ነበር። አንድ ቀን ሴትዮዋ ጣሳውን ከፍታ አየች።

“ማነሽ፣ ይህ ሁሉ የሰው ፎቶ ምን ያደርግልሻል? መተተኛ ነሽ እንዴ?”

“አይ፣ እትዬ።”

“ታዲያ ምንድን ነው?”

ጣሳውን ገለበጠችው። ፎቶዎቹ ከሰሉ ላይ ሲወድቁ እንደ ቅጠል ተጠቀለሉ፤ ሽታቸው ለሦስት ቀን ከኩሽናው አልወጣም።

በታኅሣሥ እህቴ የጽሑፍና የቃል ፈተና ተፈተነች። እሷ ለፈተና ሞጣ ስትመጣ እኔን ለማየት አልመጣችም፤ “ሰው ቢያየኝ ለፈተናው ጥሩ አይደለም” ብላ ደወለችልኝ። ትክክል ነው ብዬ ተቀበልሁ።

በጥር አንድ እሑድ ሦስት የኮሚቴ አባላት ለምሳ መጡ። ሁለት ቀን ሙሉ ዶሮውን ሠርቻለሁ። በልተው ሳይጨርሱ ሰውየው ፋይሎቹን አመጣና ከሳህኖቹ አጠገብ ከመራቸው። የቃል ፈተናውን ነጥብ የሚሞሉት ያን ጊዜ ነው። እኔ ማስታጠቢያውን ይዤ ግድግዳው ሥር ቆሜያለሁ። ሰውየው አንዱን ፋይል ያነሣል።

“ይኼ የማነው?” ይላል አንዱ።

“የምክትል ፕሬዚዳንቱ የእህት ልጅ።”

ነጥብ ይጽፋሉ።

“ይቺስ የማናት?”

“የኔው ናት፤ አደራ አለብኝ።”

ይጽፋሉ። ምን ታውቃለች፣ ምን መለሰች ያለ አልነበረም። አባቴ አዲስ ተማሪ ሲመጣባቸው “ከማን ተማርህ? እስከምን ደረስህ?” ነው የሚሉት። እነዚህ “የማነው” ብቻ ነው የሚያውቁት። አንደኛው የጣቱን ቅባት በማመልከቻ ጀርባ ጠረገ። ሌላው የአንዱን ወረቀት ማዕዘን ቀድዶ ጠመዘዘና ጥርሱን ጎረጎረበት፤ ሲጨርስ አይቶት መልሶ ጎረጎረ።

ከዚያ ጥቁሩን ኮት አየሁት። የእህቴ ፎቶ ነው።

“ይቺስ የማናት?”

ሰውየው ጎርሶ ስለ ነበር በአገጩ ወደ እኔ አመለከተ። ከዋጠ በኋላ፣ “የዚች እህት ናት። የኛ በሏት” አለ።

ጥርሱን የሚጎረጉረው ሰው ዞሮ አየኝ። “ወጡን የሠራችው እሷ ናት?”

“እሷው።”

“እንግዲያ ሙሉ ስጧት” አለ፤ ሳቁ፤ ጻፉም።

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። ማስታጠቢያው እጄ ላይ ቀለለ። እህቴ ቤት ከመዋል ዳነች፣ በቃ አልሁ። ወዲያው የሚቀጥለው ፋይል ተነሣ፤ እሱም ላይ ያው ጥቁር ኮት፣ ያው ቡናማ ቁልፍ ነበር። ሌላ ልጅ ናት።

“ይቺስ?”

“እንጃ። የማንም አይደለችም።”

ፋይሉ ወለሉ ላይ ወደቀ። እንግዶቹ ሲወጡ ሴትዮዋ ከመኝታ ቤት ሆና፣ “ማነሽ፣ ወለሉን አንሽና የልጁን ውሃ አሙቂ” አለችኝ። ፋይሉን አንሥቼ ኩሽና ገባሁና ከፈትሁት። አድራሻዋ ቢቸና ነው። ነጥቧ ሦስት ነጥብ ስምንት ሰባት ነው። እኔ ስምንተኛ ብቻ ብማርም ይህ ከሦስት ነጥብ አራት አንድ እንደሚበልጥ አውቃለሁ። ማመልከቻው በእጅ የተጻፈ ነው፤ “የሥራ ልምዴ ዜሮ ዓመት ነው” ስትል በዓይኑ ዐ ጽፋዋለች። አባቴ ሰሌዳው ላይ ያረሙትን አይታ ይሆናል። ወይም ራሷ ታውቀው ይሆናል።

ፋይሉን ልደብቀው እችል ነበር። ብደብቀውስ ምን እንደማደርገው አላወቅሁም፤ ለማን እሰጣለሁ፣ ምን ብዬ? ሴትዮዋ ሁለተኛ ጠራችኝ። ከሰሉ እርጥብ ሆኖ እንቢ ብሎኝ ነበር። ፎቶውን ነቅዬ ደረቴ ውስጥ ከተትሁና ወረቀቱን ቀደድሁት። ጥሩ ወረቀት ስለ ነበር ቶሎ ያዘ። ውሃው ሞቀ፤ ሕፃኑን አጠብሁት። ሰውየውን የተጸየፍሁትን ያህል ያን ቀን እጄን ተጸየፍሁት። ከዶሮው የተረፈ ነበር፤ አልቀመስሁትም።

የእህቴ የቅጥር ደብዳቤ በየካቲት ወጣ። ሰውየው “ዓመቱ መቼ ሞላ?” ብሎ ሊያስቀረኝ ፈልጎ ነበር፤ አባቴ ስልክ ደውለው በለሰለሰ ቃል አስለቀቁኝ። የጽዳት መደቡን ያነሣ ሰው የለም፤ እኔም አላነሣሁም። ቢቸና ሳልደርስ ግን አባቴ በስልክ፣ “እህትሽ ብቻዋን ናት፤ እስክትደላደል አብረሻት ሁኝ” አሉኝና እዚያው ሞጣ እህቴ የተከራየችው አንድ ክፍል ቤት ገባሁ።

እህቴ ሰው ሆናለች። መንገድ ላይ “መምህርት” ሲሏት አንገቷ ይረዝማል። ጎረቤት ሲጠይቃት “በነጥቤ ነው ያለፍሁ፤ የማውቀው ሰው የለኝም” ትላለች። እኔ አጠገቧ ሽንኩርት እየላጥሁ እሰማለሁ። መጀመሪያ ለሰው ብላ መስሎኝ ነበር። ኋላ ሳያት ራሷም ታምነዋለች። እኔን ለጎረቤት ስታስተዋውቅ “እህቴ ናት፣ ቤቱን የምትይዝልኝ” ትላለች።

አንድ ምሽት ለክፍል የምታነበውን ስታዘጋጅ ፎቶውን ከደረቴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርሁላት።

“እታለም፣ ይህችን ታውቂያታለሽ?”

አንሥታ አየችው። “አላውቃትም። ኮቱ ግን የኛው ፎቶ ቤት ኮት ነው።”

“ነጥቧ ሦስት ነጥብ ስምንት ሰባት ነበር።”

“ከየት አመጣሽው?”

ነገርኋት። በሕይወቴ እንደዚያ ረጅም ተናግሬ አላውቅም። “የማነው” ሲሉ፣ ሰውየው በአገጩ ሲያመለክተኝ፣ ወጡን፣ ሙሉ ስጧት ማለታቸውን፣ ከሰሉንም ያያያዝሁት እኔ መሆኔን ነገርኋት። አላቋረጠችኝም። ሥራውን ትተዋለች ብዬ አልጠበቅሁም፤ እንድትተወውም አልፈለግሁም። አንድ ቃል ብቻ ነበር የጠበቅሁት፤ የትኛው ቃል እንደ ሆነ አሁንም አላውቅም። ከዚያ ፎቶውን በግንባሩ ደፍታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችውና ተናገረችኝ።

እንዳለችኝ አደረግሁ። አንገትጌውን ሁለቴ ተኮስሁት። ወንበሩ ላይ አንጠለጠልሁት፤ ፎቶውን አነሣሁ፤ ጠዋት እሷ ሳትነቃ በመጀመሪያው ሚኒባስ ቢቸና ገባሁ። አባቴ ለምን መጣሽ አላሉኝም። ልጅቷን ሰሌዳው ሥር ቆማ ስታነብ ሁለት ጊዜ አይቻታለሁ፤ ፎቶውን ይዤ ቀርቤ፣ ደርሼ ተመልሻለሁ። እህቴ እስከ ዛሬ አልደወለችም፤ እኔም አልደወልሁም። ከእሷ የሰማሁት የመጨረሻ ቃል ያን ምሽት ፎቶውን ከደፋችው በኋላ ያለችኝ ነው።

“ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ክፍል አለኝ። ነጩን ሸሚዜን ተኩሽልኝ፤ አንቺ እንደሁ ለምደሽዋል።”